ለጠጋኙስ?

ከዛሪማ ተነስቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳይሳለም አይመለስም። ቀና ብሎ የጣሪያውን መላእክት ሲያይ «አይ ኢያሱ!» ይላል። ይበል። ግን ቀዳማዊ ኢያሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ያሠሩት ክቡ ሕንጻ በመብረቅ ጠፍቷል። የዛሬው ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ የኋለኞቹ ሰዎች ሥራ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉም ተርፏል፤ ንቦች አዳኑት ይባላል።

ንጉሡን እናወድሳለን፣ ንቦቹን እናመሰግናለን። ክዳኑ ባፈሰሰ ቁጥር ሣር የጫነውንስ ማን ያስታውሰዋል? እኛ ዘንድ የሚያስከብረው የመሠረት ድንጋይ መጣል ነው። ስለዚህም በየአጥቢያው አሮጌውን መቅደስ አፍርሰን ሲሚንቶ እንከምራለን። ምን ይደረግ! ለሣር ክዳን እድሳት ሪባን አይቆረጥማ።