«ጠበበኝ» በእንግሊዝኛ

ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ስጠብቅ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ሕፃን «እማዬ፣ ጫማዬ ጠበበኝ» ሊል ሲጀምር እናቱ «በአማርኛ አታውራ ብዬህ የለ! ሚስ ብትሰማህስ?» አለችው። «ጠበበኝ»ን በእንግሊዝኛ ከየት ያምጣ? ዝም አለ።

በእሷ አልፈርድም፤ ትምህርት ቤቱ ያላትን ነው የምትፈጽመው። እኔን የሚከነክነኝ የምሁራኑ ነገር ነው። ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ የሚያጠኑ የአውሮፓ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ዩሮስላ የሚባል ማኅበር አቋቁመው እርስ በርስ ይወያያሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሁለተኛው መደገፊያ እንጂ እንቅፋት እንዳልሆነ ብዙ ተጽፏል። እኛስ ብንሆን መች ጥናት አጣን? ትምህርት ሚኒስቴር በ1999 ዓ.ም. ያስጠናው፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ምዘና በጥቅሉ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ታዲያ ሪፖርቱ በምን ተጻፈ? በእንግሊዝኛ! እቺ እናት ታንብበው ተብሎ ይሆን?

እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም፤ እኔም እንጀራ የበላሁበት ነው። ግን ጥናቱን የሚያውቁት ሰዎች በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተው፣ በአማርኛ፣ ሁለት ሰዓት ቢያወሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ታክሲው መጣ። ልጁ እያነከሰ ገባ።