ቁጥር የዋጣት ከተማ፦ ጅጅጋ በጦር ሜዳ ደብዳቤ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ጦር ለወታደሮቹ የሚያድለው ካርድ ነበር። ቃሉ ሁሉ አስቀድሞ ታትሞ ያለቀ ነው፦ ደህና ነኝ፤ ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወታደሩ የማይመለከተውን መስመር ይሰርዛል፣ ቀን ጽፎ ይፈርማል፣ በቃ። ከዚያ አልፎ አንዲት ቃል ከጨመረ ካርዱ ይወገዳል። ያለበትን ቦታ የሚናገርበት መስመር አልተሰጠውም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚያ ከጎደለው መስመር ነው። መጋቢት 8 ቀን 1933 በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ ጅጅጋ ሲገባ ከሞቃዲሾ ተነስቶ 744 ማይል፣ ማለትም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ17 ቀን ተጉዞ ነበር። የመጣው ጣሊያን ለራሱ በሠራው መንገድ፣ በደገሃቡር አድርጎ ነው። በዋዜማው በርበራ ስለተያዘች የስንቁ መስመር በሐርጌሳ በኩል አጠረ፤ ከአራት ቀን በኋላም በማርዳ በር፣ እኛ ካራማራ በምንለው፣ ከባድ ውጊያ ሆነ። ያን ሰሞን ከዚያ ሜዳ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ጅጅጋን በስሟ ሊጠራት አይችልም። የጦሩ ፖስታ ቤት የሚታወቀው በቁጥር ነው። ከእንግሊዝ በፊት የነበረው የጣሊያን ጦር ፖስታም እንዲሁ በቁጥር ይሠራ ነበር። ሁለት መንግሥታት በአንዲት ከተማ ላይ ተዋጉ፤ ስሟን በመደበቅ ግን አልተለያዩም።

አሠራሩ የእኛ ምድር ብቻ ዕጣ አልነበረም። በፓስፊክ ደሴቶች የተሰለፈው የአሜሪካ ወታደር አድራሻው ቁጥርና ሳን ፍራንሲስኮ ነበር፤ ጓዳልካናል ላይ ቢቆስልም እናቱ የምትጽፈው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ቪ-ሜል የተባለው ዘዴ ደብዳቤውን በፊልም አንስቶ ያሳንሰዋል፤ 37 ከረጢት የሚሞላ 150,000 ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ይገባል። ደብዳቤው ሲያንስ የተጻፈበት ደሴትም ከዓይን ይሰወራል።

የፖስታ ታሪክን እስካሁን ያቆዩልን በአብዛኛው ቴምብር ሰብሳቢዎች ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ በእንግሊዝ ቴምብር ላይ የታተሙትን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ፊደላት፣ የማኅተሙን ዓይነትና ቀን በትዕግሥት መዝግበዋል። ነገር ግን ዓይናቸው ከፖስታው ልብስ አያልፍም። በዚህ መንገድ የምናገኘው የሠራዊቱን ጉዞ ነው፤ የከተማይቱን ሕይወት አይደለም። ጅጅጋ እስከ እ.ኤ.አ. 1948፣ ሀውድና የተከለለው ቀጣና ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1955 በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሲቆዩ ማኅተሙ የሚመሰክረው ለገዢው እንጂ ለነዋሪው አልነበረም።

ነዋሪው ወሬ አልነበረውም ማለት አይደለም። ሶማሊው መንገደኛ ሲገናኝ ሰላምታው ራሱ የወሬ ጥያቄ ነው፤ «ኢስካ ዋራን» ይላል፣ ስለ ራስህ አውራኝ እንደ ማለት። ዱባት ተብሎ ለጣሊያን የተሰለፈውም ሆነ በእንግሊዝ በኩል የዘመተው ሶማሊ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጽፍ የሚጽፍበት ይፋ ፊደል ያኔ አልነበረም፤ ሶማልኛ በሞቃዲሾ ይፋ የላቲን ፊደል ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ነው። መልእክቱ በሰው አፍ ከቶጎጫሌ ወደ ቀብሪ በያህ ሲሄድ የጉድጓዱን፣ የግጦሹን፣ የጎሳውን ስም እየጠራ ነው። የጦር ፖስታ የሚሰውረውን የቦታ ስም የቃል መልእክተኛው ያለ እሱ መናገር አይችልም። እኔ ይህንን ፖስታ አልባነት ልለው አልደፍርም፤ ከተማይቱ በራሷ ስም የምትጠራበት ሌላ ፖስታ ነው።

የ1970ው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ነገሩን ወደ አማርኛ ያመጣዋል። ጅጅጋ በመስከረም መጀመሪያ ተያዘች፣ የካቲት 26 ተመለሰች። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሺያ ብዙው ገበሬ ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በዓመቱ፣ በ1971 ሐምሌ ነው። መጻፍ የማይችል ወታደር ጓዱን ያስጽፋል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይግባው ደህና ነኝ» የሚለው መግቢያ በግማሽ ገጽ ይዘረጋል፤ ሚስት፣ እናት፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት በየስማቸው ሰላምታ ይደርሳቸዋል። ምሁራን ይህን የልማድ ሐተታ ብለው ያልፉታል። ለእኔ ግን የደብዳቤው እምብርት እሱ ነው፤ ጸሐፊው ጓድ እየሰማ፣ በመንደሩም አንባቢው ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሊባል የሚችለው የሰው ስም ብቻ ነበርና። ያለበትን መናገር ያልተፈቀደለት ሰው የማን እንደሆነ ይናገራል።

ከዚያ ጦርነት ያልተመለሱም ነበሩ። በ1980 መጋቢት ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማምተው፣ በነሐሴ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል አገራቸው ገቡ፤ ከ240 በላይ ሶማሊያውያንም ወደ አገራቸው ተሸኙ። ብዙዎቹ አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል፤ ከእነሱ አንዱ አብራሪው ለገሠ ተፈራ ነው። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ለአንድ ምርኮኛ በወር ከሁለት ደብዳቤና ከአራት ካርድ ያላነሰ እንዲፈቀድለት ያዛል፣ ያለ ክፍያ። አሥር ዓመት ለታሰረ አንድ ሰው ይህ 240 ደብዳቤና 480 ካርድ ነው። የእኛ የፖስታ ታሪክ ጥናት አልበም ከማገላበጥ ተነስቶ ወደ እነዚያ ሰዎች ቤት መሄድ አለበት፤ ሳጥኑን ከፍቶ ከ240ው ስንቱ እንደደረሰ፣ በየትኛው ላይስ የቦታ ስም እንደተጻፈ መቁጠር አለበት። አስጽፈው የላኩት፣ አስነብበው የሰሙት ዛሬ አርጅተዋል።