«በረላም ወይዋስፍ» እና የጕድጓዱ ምሳሌ

አንድ ታሪክ ከሃይማኖት ወደ ሃይማኖት ሲተላለፍ ክብሩ ይጐድላልን? ይህን ለመመርመር ከግእዝ መጻሕፍታችን «በረላም ወይዋስፍ»ን መርጠናል።

መጽሐፉን በ1545 ዓ.ም.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖስ አበ ምኔት የነበሩት አባ ዕንባቆም ናቸው። እኒህ ሊቅ ከዐረብ አገር የመጡ፣ አስቀድሞም በእስልምና ያደጉ ነበሩ፤ ለግራኝ አሕመድም ቁርኣንን እየጠቀሱ «አንቀጸ አሚን»ን ጽፈዋል።

የታሪኩ ፍሬ ይህ ነው፤ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይሸሽገዋል፤ ልጁ ግን አይቶ ያዝናል፤ ከመነኵሴው ከበረላም ተምሮም ዘውዱን ትቶ ይመንናል። ይህ በመሠረቱ የቡድሃ ታሪክ ነው። ኢብን አን-ነዲም በባግዳድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ987 ባዘጋጀው የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የቡዳሳፍ መጽሐፍ ይገኛል፤ «ቡዳሳፍ» ማለትም የቡድሃ ተከታዮች «ቦዲሳትቫ» የሚሉት ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ «ብ»ንና «ይ»ን የሚለያቸው የነጥብ ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ስሙ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። ከእስላሞች እጅ ወደ ጆርጂያና ወደ ግሪክ ቋንቋ ተሻግሮ ክርስቲያናዊ መልክ ያዘ፤ እንደ ገና ወደ ዐረብኛ ተመልሶ ለእኛ ደረሰ።

በረላም ከሚናገራቸው ምሳሌዎች አንዱን እንመልከት። ሰውየው ከአውሬ ሲሸሽ ጕድጓድ ውስጥ ወድቆ ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቍር አይጥ፣ ማለት ቀንና ሌሊት፣ ሥሩን ይቈረጥማሉ፤ እርሱ ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር ይልሳል። ይኸው ምሳሌ በሂንዱዎች «ማሃባራታ»ና በዐረብኛው «ከሊላ ወዲምና»ም ይነገራል፤ በአንዱ አሳዳጁ ዝሆን ነው፤ ማሩ ግን በሁሉም ዘንድ ማር ነው።

የምንነቅፈውም አለን። ረዣዥሙ የሃይማኖት ክርክር ታሪኩን ደጋግሞ ያቋርጠዋል፤ ይዋስፍም ከሚኖር ሰው ይልቅ የሚሰማ ጆሮ ብቻ ይመስላል። አጭሩ ምሳሌ የሚያደርገውን ሰፊው ስብከት አላደረገውም።

ሆኖም ዘሩ በባዕድ መሬት አልወደቀም። ወር በገባ በ5 በመካኒሳ አቦ የሚሰበሰበው ምእመን ዓለምን ንቀው ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩትን ጻድቅ የሚያከብር ስለ ሆነ፣ ይዋስፍ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ አንድ ድርሰት ከወዴት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሌላ ቤት ስለ መጣ ብቻ መናቅ ግን አይገባም። አባ ዕንባቆም የትላንቱን ቋንቋቸውን ለመከራከር ብቻ ሳይሆን ለማቅናትም ተጠቅመውበታል፤ ምስጋናችንም ለዚህ ነው።