ዋጋ የሚያወጡ እጆች
በእንግሊዝ ለሆስፒስ፣ ማለትም በማይድን ሕመም ላይ ላሉ ሰዎች ለሚሰጥ እንክብካቤ፣ ገንዘብ በሚያሰባስቡ የበጎ አድራጎት ሱቆች ከሁሉ የማደንቀው በጓሮ ክፍሉ ውስጥ የሚካሄደውን ዋጋ የማውጣት ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኛዋ የተለገሰውን ካፖርት ገልብጣ ስፌቱን ታያለች፤ ዚፑን ትሞክራለች፤ ኪሱን ትፈትሻለች፤ ተመሳሳዩ በኢንተርኔት ስንት እንደተሸጠ ታጣራለች። ዋጋው ከረከሰ ለሕመምተኛው የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ከተወደደ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይከርማል፤ እጅ ያጠረው የሰፈር ሰውም ሳይገዛ ይመለሳል። ይህን ሚዛን መጠበቅ ትልቅ ሙያ ነው! ሐኪሟ ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከከፈቱ ወዲህ የተስፋፋው የሆስፒስ እንክብካቤ ለቤተሰብ በነፃ ነው፤ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ግን ወጪውን ሁሉ አይሸፍንም፤ ጉድለቱን ለመሙላት ሱቆቹ ይረዳሉ። ዕቃ ሰጪው ግብር ከፋይ ሆኖ ከፈረመ፣ ከሽያጩ ለሆስፒሱ በተወው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመራል። የማይለበሰውም ቢሆን አይጣልም፤ በኪሎ ለአሮጌ ጨርቅ ነጋዴ ይሸጣል።