ማን ማንን አጀበ?

ከባሕር ማዶ የመጣ ሙዚቀኛ ከባህላዊ ተጫዋች ጋር መድረክ ሲጋራ ሐያሲው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «ተዋሃዱ ወይ?» ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማን ማንን አጀበ?

ለዚህ ከጌታቸው መኩሪያ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገረው ክራርና ማሲንቆ ነካክቶ ነው። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። ትልቁ ሥራው ግን ሽለላን ያለ ቃል በሳክስፎን መሸለሉ ነው። ሸላይ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያወርዳል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይነሳል፤ የሚገዛው ትንፋሹ እንጂ የተቆጠረ ምት አይደለም። ጌታቸው ይህን ነጻነት ሳይቀንስ ወደ ናስ አሻገረው።

የሆላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያን ዞሮ ተጫወተ፤ በ2004 ደግሞ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ «አጅቡኝ» ብሎ የጠየቀው ራሱ ጌታቸው ነው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተሰኙት አልበሞች ወጡ። በሞዓ አንበሳ ጊታሮቹ አንድን ሻካራ ሐረግ ደጋግመው ይረግጣሉ፣ የካተሪና ቦርንፌልድ ከበሮ ይገፋል፣ ሳክስፎኑ በላያቸው እንደ ልቡ ይሸልላል። የተወሳሰበ ኮርድ ቢደረደርበት ኖሮ ቅኝቱ ወደ ሜጀርና ማይነር በተጎተተ ነበር። ጃዝ ያልሆነ ባንድ ለሽለላ የተመቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በአንጻሩ የቦስተኑ የጃዝ ባንድ ኢዘር ኦርኬስትራ በጥር 2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የመጣው ዜማዎቻችንን አጥንቶና አቀናብሮ ነው። ከሙላቱ አስታጥቄና ከራሱ ከጌታቸው ጋር ያቀረበው ዝግጅት በኢትዮጲክስ 20 አልበም ተቀርጿል። አክብሮቱ ይሰማል፤ ጌታቸው ግን እዚያ የቅንብሩ እንግዳ ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ ማሲንቆ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት፣ ግን ባለ ሁለት አውታሩ የሞንጎሊያ ሞሪን ኹርም ከሮክ ባንድ ጋር ሲቀርብ መለኪያው ያው ነው፦ ዜማውን እየመራ ነው ወይስ ለማድመቂያ ነው የተጠራው?

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች እዚያ ኖረዋል። በዶርዜ መዝሙር ብዙ ድምፆች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ይጠላለፋሉ፤ ለኮርድ የተተወ ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ እንግዳው ከላይ የሚጨምረውን ከመፈለጉ በፊት የድምፆቹን መንገድ መማር ግድ ይሆንበታል። የሙዚቃ ጉዞ የምታሰናዱ ሁሉ፣ እንግዶቻችሁን ወደ ሽሮ ሜዳ ይዛችሁ ውጡ፤ ማይክሮፎን ከመትከላቸው በፊት ቁጭ ብለው ያድምጡ። ሥራው ሲታተምም በሞዓ አንበሳ ሽፋን የጌታቸው ስም ከባንዱ ቀድሞ እንደ ተጻፈ፣ የዘማሪዎቹ ስም ይቅደም።