መምህርና ተማሪ ባንድ ግድግዳ

ሰው የእጁን ሥራ በሰው ፊት ማቆሙ ድፍረት ይጠይቃል። ሸማኔ ሸማውን ገበያ ያወጣል፤ ገዢውም በጣቱ ዳስሶ፥ ወደ ብርሃን ዘርግቶ፥ ስስ የሆነውን ቦታ አሳይቶ ዋጋውን ይናገራል። ሠዓሊ ግን ሥራውን ሰቅሎ ቢቆም፥ አብዛኛው ተመልካች «መልካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና ተማሪዎች አብረው ስለሚያሳዩት የሥዕል ትርኢት የምንሰማው ነገርም ብዙውን ጊዜ ምስጋና ብቻ ነው። ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፥ እኔ ደግሞ ነገሩን በሌላው ወገን ላገላብጠው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከላስታ ደጋ ወርጄ፥ በላሊበላ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የሥዕል አዳራሽ ገባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጉድለቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። በአዳራሹ የመምህራኑና የተማሪዎቹ ሥራ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ነበር። ይህን አይቼ ደስ አለኝ። መምህር ዓመቱን ሙሉ የሌላውን እጅ ሲያርም ይኖራል፤ የእርሱን እጅ የሚያርም ማን ነው? በዚያ ግድግዳ ላይ ግን እርሱም እንደ ተማሪው ይመዘናል።

ዳሩ ግን ጥቂት እንደ ተመላለስሁ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ከየሥዕሉ ሥር የተለጠፈውን ስም ካላነበብሁ በቀር የመምህሩን ከተማሪው መለየት አቃተኝ። ይህም ተማሪዎቹ በእውቀት መምህራቸውን ስላከሉ አልነበረም። መምህሩ ቀለሙን አወፍሮ ይለጥፋል፤ ተማሪዎቹም አወፍረው ለጥፈዋል። መምህሩ ፊት የሌላቸውን ሴቶች ይሥላል፤ ተማሪዎቹም ፊት የሌላቸውን ሴቶች ሥለዋል። መምህሩ ያን ፊት ለመተው ምናልባት ብዙ ዘመን አስቦበት ይሆናል፤ እነርሱ ግን ፊት መሣልን ገና ሳይለምዱት ተዉት።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ የአገሬ ነገር ነው። ሦስት ተማሪዎች ቤተ ጊዮርጊስን ሥለው ነበር። ሦስቱም መስቀል የሚመስለውን ጣራ ከላይ፥ በፖስት ካርድ ላይ እንደሚታየው አድርገው ነው የሣሉት። ከሦስቱ አንዱ ያ ያስተማርሁት ልጅ ነበረ። እርሱ ከዚያ ገደል አፋፍ ተጫውቶ ያደገ ልጅ ነው። ወደ ታች የሚያስገባውን የቋጥኝ መተላለፊያ፥ በሰው እግር ብዛት የለሰለሰውን ድንጋይ፥ በልደት ሌሊት ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድረውን ምእመን ያውቃል። ስለዚህ «ልጄ፥ ይህን ያየኸው ከየት ቆመህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ ቆየና «ከፎቶግራፍ ነው፥ መምህር» አለኝ።

ኋላም ከቦርሳው ደብተር አውጥቶ በከሰል የተሣለ አንድ ገጽ አሳየኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው ደጃፍ ያስቀመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። እግራቸው ተሰነጣጥቋል፤ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፏል። መስመሩ እዚህም እዚያም ይወላገዳል፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ሲከብዳቸው ይታያል። «ይህን ለምን አልሰቀልኸውም?» ብለው «ይህማ ተራ ነገር ነው ብዬ ነው» አለ። ገጹን ቀድዶ ሊሰጠኝ ዘረጋልኝ። እኔም «መጀመሪያ ስቀለው» ብዬ መለስሁለት።

በልጁ ለመፍረድ ግን ድፍረቱ የለኝም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች ሥዕል ይሰቀል ነበር። እኔ አንድ የፈረንጅ አገር ሥዕል ከመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፌ፥ ስስ ወረቀት ደርቤ ገለበጥሁትና ስሜን ጻፍሁበት። ሁሉም አደነቀኝ። ከጎኔ የተሰቀለው የጓደኛዬ ሥዕል የአባቱ በቅሎ ነበረች፤ አንድ እግሯ ከሌሎቹ ስለሚረዝም ተሳቀበት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሲሥል አላየሁትም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ቃል በአፌ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያቺን በቅሎ ባስታወስሁ ቁጥር ነው።

እንግዲህ «መቅዳት ኀጢአት ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የተማሩት መምህሩ መስመሩን አውጥቶ ደቀ መዝሙሩ ቀለሙን እየሞላ ነው። በላሊበላ በቤተ ማርያም ጣራ፥ ከዚያም ራቅ ብላ በምትገኘው በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጀምሮ ያሉት ሥዕሎች ያለ ሠዓሊ ስም ቆመዋል። ስሙን ያልጻፈ ሰው የተቀበለውን ሥርዓት ቢከተል ማንንም አላታለለም። በዛሬው አዳራሽ ግን ከሥዕሉ ሥር ስም አለ። ስም ያለበት ሥራ «ይህን ያየሁት እኔ ነኝ» የሚል ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ የሰማውን እንዳየ አድርጎ ቢናገር ሐሰተኛ ይባላል።

ይህን ጉድለት ማራቅ እንደሚቻል የራሳችን ታሪክ ያሳየናል። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር በቺካጎ ተምረው ተመለሱና፥ በ1950 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በዚያው ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን አገር፥ እስክንድር ቦጎስያንም ከፓሪስ ተመልሰው አስተማሩ። የገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕል በአደባባይ በታየ ጊዜ ኢትዮጵያዊ ጠባይ የለውም ብለው የነቀፉ ነበሩ። መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት ነቀፋውን ተቀበሉ፤ መንገዳቸውን ግን አልለወጡም። በ1973 ዓ.ም. በስደት አረፉ፤ በጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቻቸው ተመልሰው ዩኒቨርሲቲው በስማቸው ያቋቋመው ሙዚየም በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ።

ከነዚህ ሁለት መምህራን እግር ሥር የተማሩት ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ዘሪሁን ብራና ክታብ ላይ ያለውን የጥንት ሥዕል ይዘው፥ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ መሣልን የራሳቸው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር በተደረገው ትርኢት ከከፍተኛ ተሸላሚዎች አንዱ ሆኑ፤ በተማሩበት ቤትም አስተማሩ። ሥራቸውን ያየ ሰው መምህራኖቻቸው እነማን እንደ ነበሩ ሊገምት ይችላል፤ ከመምህራኖቻቸው ጋር ግን አያምታታቸውም። ጥሩ ተማሪ የመምህሩን ድፍረት ይወርሳል፤ ፊርማውን ግን አይወርስም።

ስለዚህ መምህራንን የምለምነው፥ ከተማሪዎቻችሁ ጎን የተዋጣላችሁን ብቻ ሳይሆን ያስቸገራችሁንም ስቀሉ። ተማሪው የእናንተ እጅም እንደሚስት ካየ የራሱን ስሕተት አያፍርበትም፤ መጠጊያ ፍለጋም የእናንተን አይቀዳም። የተማሪውን ሥራ ስትመርጡም የእናንተን የሚመስለውን አስቀድማችሁ አትውደዱ፤ ዐይናችሁ ራሱን እያመሰገነ ይሆናልና።

አንተም፥ ወጣት አንባቢ፥ ሠዓሊ ባትሆን እንኳ ተመልካች ነህ። ወደ ትርኢት ስትገባ ስሙን ሳታነብ ሥራውን እይ፤ መልካም ነው ብለህም ሆነ ስቀህ አትለፍ። ሠዓሊውን ካገኘኸው «ይህን ከየት ቆመህ አየኸው?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። እውነት ያየ ሰው ጥያቄው ደስ ያሰኘዋል። ያላየም ቢሆን፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያስብበታል፤ እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።