የንጉሡ ጥምቀት በ«ልብ ወለድ ታሪክ»

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፥ በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ቀዳሚ መሆኑ የታወቀ ነው። የቋንቋውን ጣዕም የሚነቅፍ የለም፤ ነቀፌታው በፍጻሜው ላይ ነው። አረማዊው ንጉሥ ጦቢያን ወደደ፤ እርሷ ክርስቲያን ናትና ሊያገባት ከነሕዝቡ ተጠመቀ።

ዳግም ልደት ግን የሰርግ መሰናዶ አይደለም። ኒቆዲሞስ መምህረ እስራኤል ሲሆን በሌሊት መጥቶ የጠየቀው፥ ሰምቶም ያልገባው ምሥጢር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንኡሰ ክርስቲያን አስቀድሞ ይማራል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። የድርሰቱ ንጉሥ ወደ ምሥራቅ ቢዞር ከፊቱ የምትቆመው ጦቢያ ናት። የቅኔ መምህር ቢሆን ሰሙን ጋብቻ ወርቁን ጥምቀት ባደረገው ነበር፤ እዚህ ግን ወርቁ ለሰሙ አገልጋይ ሆኖ ቀረ።

ይሁን እንጂ ደራሲው መልካሙን ዘር በእጃቸው ይዘው ነበር። ንጉሡ ገና ሳይጠመቅ ለተጨነቁት ይራራል፤ የቆርኔሌዎስም ምጽዋት ጥምቀቱን ቀድሞ አልነበረምን? ያን ርኅራኄ ተከትለው፥ ጴጥሮስን የመሰለ መምህር አምጥተው፥ ንጉሡ ስለ ምን እንዳመነ ሰፋ አድርገው ቢጽፉ ኖሮ፥ ጋብቻው ባይቀር እንኳ የሕዝቡ ጥምቀት የቤተ መንግሥት ትእዛዝ አይመስልም ነበር።